ሞተረኛው ራሱ ሲጎዳ የሚከፍለው የትኛው ኢንሹራንስ ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በሜክሲኮ፣ በካዛንቺስና በፒያሳ መካከል በ150 ሲሲ ሞተር ዕቃ አደርሳለሁ። ሞተሩ የራሴ ነው፣ በማኅበር ተደራጅተናል። ሦስተኛ ወገን ገብቻለሁ። አንድ ኤጀንት ሙሉ ሽፋን ከገባህ ስጋት የለብህም ይለኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ከሞተሩ ይልቅ እግሬ ነው። ወድቄ ብሰበር የሚያሳክመኝ፣ ቤት ስተኛም የቤት ኪራዬን የሚያስችለኝ የትኛው ነው?»

ወንድሜ፣ ከሁለቱ አንዱም አይደለም። ሦስተኛ ወገን አንተ ለጎዳኸው ሰው ይከፍላል። ሙሉ ሽፋን የሚሉት በዚያ ላይ ሞተሩን ይጨምራል። እግርህ በሁለቱም ውስጥ የለም። እግርህን የሚመለከተው የግል አደጋ መድን፣ ኤጀንቶች ፐርሰናል አክሲደንት የሚሉት ሌላ ውል ነው። እሱም ቢሆን በታተመው ቅጽ እንዳለ ከገዛኸው «ሞተር ሳይክል ሲነዳ ወይም ተፈናጦ ሲሄድ ለደረሰ ጉዳት አይከፈልም» የሚል መስመር ብዙ ጊዜ በሆዱ ይዟል። ስለዚህ የሚያስፈልግህ ያ መስመር በጽሑፍ የተሰረዘለት የግል አደጋ መድን ነው።

መጀመሪያ በእጅህ ያለውን እንየው። ሦስተኛ ወገን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነ ነው፤ ያለሱ መንዳት አይቻልም፣ ለቦሎም ይጠየቃል። አዋጁ ሲወጣ ያስቀመጠው የክፍያ ጣሪያ ለሞትም ሆነ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር ነበር። ጣሪያው በመንግሥት ደንብ የሚሻሻል ስለሆነ ያንተ ሰርተፍኬት በተሰጠበት ቀን የሚሠራው መጠን ስንት እንደሆነ ከድርጅቱ በጽሑፍ አስነግር። ከዚህ ገንዘብ ውስጥ ሞተሩን የሚነዳው ሰው ድርሻ የለውም። በስታዲየም ድልድይ ሥር ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ ብቻህን ተንሸራተህ ብትወድቅ ሦስተኛ ወገን የሚባል ሰው በቦታው የለምና ውሉ አይንቀሳቀስም። የአስቸኳይ ሕክምናው ነገር የተለየ ነው፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይጣራ የሚሰጥ እርዳታ ነው። ግን የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ይይዝልህ እንደሆነ እንጂ ቅልጥም ውስጥ ብረት የሚገባበትን ቀዶ ሕክምና አይሸፍንም።

መኪና ገጭቶህ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፦ ለዚያ መኪና ኢንሹራንስ ሦስተኛ ወገኑ አንተ ነህ። ከጣሪያው በላይ ያለውን ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት ከባለንብረቱ መጠየቅ ትችላለህ፤ መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም ባለቤቱ ተጠያቂ ነው። ገጭቶ ያመለጠ፣ ታርጋው ያልታወቀ መኪና ከሆነ ለአካል ጉዳቱ የሚጠየቀው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው፤ ለዚህም አደጋው በዕለቱ ለፖሊስ መመዝገቡ ቁልፍ ነው።

ብዙ ሞተረኛ የማያውቀው የዚሁ ሕግ ቁጥር 2084 ነው። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሕጉ መነሻ የሚያደርገው ሁለቱም እኩል አጥፍተዋል የሚለውን ግምት ነው። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ ወይም በዋናነት የአንደኛው አሽከርካሪ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጉዳቱ ጠቅላላ ድምር ለሁለት ይካፈላል። በቁጥር ላሳይህ። የመኪናው ፊት መብራትና ኮፈን 260,000 ብር፣ ያንተ ሞተር 40,000 ብር ቢገመት ድምሩ 300,000 ይሆናል፤ የእያንዳንዳችሁ ድርሻ 150,000 ነው። የሞተርህን 40,000 ራስህ ከቻልክ በኋላ ለመኪናው ገና 110,000 ይቀርብሃል። የንብረት ጣሪያህ 100,000 ከሆነ ቀሪው 10,000 ከኪስህ ነው። ቦሌ መንገድ ላይ የምታልፋቸው መኪኖች የመለዋወጫ ዋጋ ደግሞ ከዚህ ምሳሌ በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ ሦስተኛ ወገንህን ስታድስ «ተጨማሪ አረቦን፣ ማለትም የመድን ክፍያ፣ ከፍዬ የንብረት ጣሪያውን ከፍ ማድረግ እችላለሁ?» ብለህ ጠይቅ። አካልህን አይጠብቅም፤ ግን ተሰብረህ በተኛህበት የክስ መጥሪያ እንዳይመጣብህ ያደርጋል።

ሙሉ ሽፋንን በአጭሩ እለፈው። ለስርቆት፣ ለእሳት፣ ለግጭት፣ ለመገልበጥ ነው፤ የሚከፍለው ለሞተሩ ነው። በየአደጋው መጀመሪያ ከኪስህ የምትችለው ተቀናሽ፣ ኤክሰስ የሚባለው፣ አለ። ለሞተር ይህ ተቀናሽ ከጥገናው ወጪ ጋር ሲተያይ ትልቅ ስለሚሆን የተሰበረ መስታወትና የተጣመመ መሪ ይዘህ ሄደህ ምንም ሳታገኝ ልትመለስ ትችላለህ። የመድን መጠኑን፣ ማለትም ሞተሩ በውሉ የተገመተበትን ዋጋ፣ ከገበያ ዋጋ አሳንሰህ ካስመዘገብክ ደግሞ ካሳውም በዚያው ልክ ይቀነሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከሆነ ባትሪው በመድን መጠኑ ውስጥ መቆጠሩን፣ ለብቻው ቢሰረቅም መከፈል አለመከፈሉን ሳታረጋግጥ አትፈርም፤ ከዋጋው ትልቁ ክፍል እሱ ነው። አንዳንድ ሙሉ ሽፋን ውሎች ላይ ለአሽከርካሪ የአደጋ ሽፋን በተጨማሪ አንቀጽ ይገባል። ኤጀንቱ «አንተንም ይሸፍናል» ሲልህ ይህን ማለቱ ሊሆን ይችላል። አንቀጹን አስወጣና መጠኑን አንብብ፤ ብዙ ጊዜ ለሞትና ለከባድ ቋሚ ጉዳት ብቻ የሚሆን አነስተኛ ገንዘብ ነው እንጂ ለሳምንታት ቤት ለተኛ ሰው አይደለም። የእኔን ፍርድ ከፈለግህ፣ ሞተሩ የተወሰነ ዓመት የሠራ ከሆነና ገንዘብህ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሙሉ ሽፋኑን ተወውና የግል አደጋውን ግዛ። በብድር የተገዛ ሞተር ከሆነ ግን አበዳሪው ሙሉ ሽፋን ያስገድድሃልና ምርጫው ያንተ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው። የግል አደጋ መድን አራት ዓይነት ክፍያ አለው፦ ለሞት፣ ለቋሚ አካል ጉዳት፣ ለጊዜያዊ ከሥራ መቅረት፣ ለሕክምና ወጪ። አራቱም በአንድ ውል ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሁለቱ ብቻ ሊኖሩም ይችላሉ። በርካሽ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ የሞትና የቋሚ ጉዳት ብቻ ነው። ለሞተረኛ ግን በተደጋጋሚ የሚደርሰው መሰበር ነው፤ መሰበር ደግሞ ከእነዚህ ከሁለቱ ውስጥ ላይገባ ይችላል። አጥንቱ በስድስት ወር ገጥሞ ከተነሳህ ቋሚ ጉዳት የለህም፤ አልሞትክም፤ ሆኖም ስድስት ወር አልሠራህም። ስለዚህ ሦስተኛውና አራተኛው ከሌሉበት ላንተ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

የሞተር ክልከላውን እንዴት እንደምታገኘው ልንገርህ። የውሉን የመጀመሪያ ገጽ አትይ፤ እዚያ ላይ ስምህ፣ የመድን መጠንህና ቀኑ ነው ያለው። «የማይሸፈኑ ሁኔታዎች» የሚለውን ክፍል ግለጥ። ጦርነት፣ ራስን መጉዳት፣ ስካር፣ ተራራ መውጣት፣ ውድድር እያለ ሲዘረዝር በመካከሉ ሞተር ሳይክልን ታገኘዋለህ። አንዳንዱ ጠቅልሎ ይከለክላል፤ አንዳንዱ ከተወሰነ ሲሲ በላይ ያለውን ብቻ። የቃል ማስተባበያ አትቀበል። «እኛ ለደሊቨሪ ልጆች እንከፍላለን፣ ችግር የለም» የሚል ቅን ኤጀንት ካሳው በሚወሰንበት ቀን በቢሮው ላይኖር ይችላል፤ ካሳ ክፍል የሚያነበው የተጻፈውን ነው። ማስተካከያው ኢንዶርስመንት የሚባል የተፈረመና የታተመ ተቀጽላ ወረቀት ነው። የውል ቁጥርህን ጠቅሶ፣ የትኛው አንቀጽ እንደተነሳ ለይቶ፣ «መድን የገባው ሰው ለደሞዝም ሆነ ለክፍያ ዕቃ ለማድረስ ሞተር ሳይክል በሚነዳበት ጊዜ የሚደርስበትን ጉዳት ይጨምራል» ዓይነት ቃል ሊኖረው ይገባል። ለዚህ ተጨማሪ አረቦን ይጠየቃል፤ ተገቢም ነው። ያለ ጭማሪ «ተነሥቷል» ከተባልህ ወረቀቱን ሁለቴ አንብብ።

ቀጥሎ የጉዳት ሠንጠረዡ ነው። ቋሚ ጉዳት የሚከፈለው ከመድን መጠኑ በመቶኛ ነው፤ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር ወይም ሁለት ዓይን ማጣት 100 በመቶ፣ አንድ እግር ማጣት ብዙ ጊዜ 50 በመቶ እያለ እስከ እግር ጣት ይወርዳል። ሠንጠረዡ ከድርጅት ድርጅት ስለሚለያይ ሁለት ዋጋ ስታወዳድር ከአረቦኑ ጎን ይህን አስቀምጥ። አንድ ቃል ላይ ግን አተኩር፦ ሠንጠረዡ «መቆረጥ» ብቻ ነው የሚለው ወይስ «መቆረጥ ወይም ሙሉ በሙሉ መጠቀም አለመቻል»? የሞተር አደጋ እግር የሚቆርጠው አልፎ አልፎ ነው። ተደጋግሞ የሚታየው የማይታጠፍ ጉልበት፣ የደረቀ ቁርጭምጭሚት፣ አንዱ ከሌላው ያጠረ እግር፣ ወይም ከትከሻ ነርቭ ጉዳት በኋላ ተሰቅሎ የቀረ ክንድ ነው። እግሩ አለ፤ ማርሽ አይረግጥም። ውሉ መቆረጥን ብቻ ካወቀ ለዚህ ሁሉ ምንም አትቀበልም። በሠንጠረዡ ላልተዘረዘረ ጉዳት «በሐኪሞች ቦርድ በሚወሰነው መቶኛ መጠን ይከፈላል» የሚል አንቀጽ መኖሩንም ፈልግ። ልዩነቱ በገንዘብ ይህን ያህል ነው፦ የመድን መጠንህ 800,000 ብር ሆኖ ቦርዱ ለደረቀ ቁርጭምጭሚት 15 በመቶ ቢሰጥህ አንቀጹ ካለ 120,000 ብር ታገኛለህ፤ ከሌለ ዜሮ።

በዚያው ክፍል አንድ የጊዜ ገደብም አለ፤ ሞቱ ወይም ቋሚ ጉዳቱ ከአደጋው በኋላ በ12 ወር ውስጥ የተከሰተ መሆን አለበት የሚል። አጥንት ያልገጠመለት፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው ቦርድ ፊት ሳይቀርብ ዓመቱ ያልፍበታል። ሐኪሙ «ገና ነው፣ ቆይተን እንይ» ካለ ከ12ኛው ወር በፊት ይህንኑ በጽሑፍ አስጽፈህ ለድርጅቱ ማስገባትና ተቀባይነቱን በማኅተም ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ጊዜያዊ ከሥራ መቅረት በሳምንት የሚታሰብ ነው። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ በሳምንት ስንት፣ ከስንተኛው ቀን ጀምሮ፣ እስከ ስንት ሳምንት። የቅልጥም አጥንት ስብራት ያለ ተጨማሪ ችግር ቢድን እንኳ ከ4 እስከ 6 ወር ሊወስድ ይችላል። ቁስሉ ክፍት ከሆነና ኢንፌክሽን ከገባበት ከዚያም ይረዝማል። ስለዚህ 12 ሳምንት ብቻ የሚከፍል ውል ለሞተረኛ አጭር ነው፤ 52 ሳምንት ያለው ፈልግ። ድርጅቶች የሳምንቱን ክፍያ ከገቢህ በላይ አያደርጉም፤ ብዙዎቹ ከገቢህ የተወሰነ መቶኛ ላይ ያቆሙታል። ይህ ማለት ገቢህን ማሳየት አለብህ ማለት ነው። ደሊቨሪ ላይ ያለ ሰው የደሞዝ ወረቀት የለውም፤ ስለዚህ ቢያንስ የስድስት ወር የባንክ ወይም የቴሌብር እንቅስቃሴ አትምና ከማመልከቻው ጋር አያይዝ። ከአደጋው በኋላ ገቢህን ለማስረዳት መሯሯጥ ሌላ ጣጣ ነው።

የሕክምና ወጪው ጣሪያ ከዋናው የመድን መጠን በጣም ያነሰ ነው። «800,000 ገብቻለሁ» ብለህ ሆስፒታል ስትሄድ የሕክምናው ድርሻ ከዚያ ትንሽ እጅ ብቻ ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ። መጠኑን ለመወሰን ከመገመት ይልቅ ከአንድ የግል ሆስፒታል የቅልጥም ስብራት ቀዶ ሕክምና፣ የብረቱን ዋጋ ጨምሮ፣ ፕሮፎርማ አስወጣና በእሱ ልክ ጠይቅ። ከዚያ ውስጥ ምን እንደሚገባ አስለይ፦ አምቡላንስ፣ ራጅና ሲቲ ስካን፣ ክራንች፣ ፊዚዮቴራፒ። ብረቱን ማውጣትስ? ብረት አብዛኛውን ጊዜ ከዓመት በኋላ ነው የሚወጣው፤ ውሉ ደግሞ ከአደጋው በኋላ በ12 ወር ውስጥ የወጣ ወጪ ብቻ እከፍላለሁ ሊል ይችላል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ቀዶ ሕክምና ከኪሱ የሚከፍለው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው የተለመደ መሰናክል ደረሰኝ ነው። በመንግሥት ሆስፒታል ብረቱን ወይም መድኃኒቱን ቤተሰብ ከውጭ ገዝቶ እንዲያመጣ ሊታዘዝ ይችላል። ያኔ የሐኪሙ ማዘዣ ቅጂ፣ ስምህ ያለበትና ከካሽ ሬጅስተር የወጣ ደረሰኝ አንድ ላይ ካልተያዙ ወጪው አይተካም። በእጅ የተጻፈ፣ ስም የሌለው ቁራጭ ወረቀት ለካሳ ክፍል ዋጋ የለውም።

መጠኑን እንዲህ አስላ። ከነዳጅ፣ ከጎማና ከዘይት በኋላ በወር በእጅህ የሚቀረው፣ ለስሌት እንዲቀል፣ 13,000 ብር ነው እንበል። በዓመት 156,000፣ በሳምንት 3,000 ይሆናል። ለሞትና ለቋሚ ጉዳት መነሻ የሚሆን መለኪያ ሕጉ ራሱ አለው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የሚያስቀምጠው የ5 ዓመት ደሞዝ ነው። በዚያ ልክ 780,000 ይመጣል፤ 800,000 ብለህ ያዘው። የሳምንቱ ክፍያ በገቢህ 75 በመቶ ቢቆም 2,250 ብር ነው። 22 ሳምንት ብትተኛና የመጀመሪያው ሳምንት የማይከፈልበት ቢሆን 21 ጊዜ 2,250፣ ማለትም 47,250 ብር ታገኛለህ። ይህን ከቤት ኪራይህ ጋር አስተያየው። አይበቃም ካልክ የመጀመሪያውን ሳምንት ለማስቆጠር አትከራከር፤ የሳምንቱን መጠን አስጨምር።

አረቦኑ ብዙውን ጊዜ የሚነገርህ በሺህ ነው። አንዱ ድርጅት ለምሳሌ «5 በሺህ» ቢልህ ለ800,000 ብር በዓመት 4,000 ብር ማለት ነው፤ በዚያ ላይ የሳምንቱ፣ የሕክምናውና የሞተሩ ጭማሪ ለየብቻ ይደመራል። «ሁሉም ተጠቃሎ ስንት?» ከሚለው ይልቅ «ለየብቻ ዘርዝርልኝ» በል። ተጠቃሎ ሲነገር የሚጎድለው ብዙ ጊዜ የሳምንቱ ክፍያ ነው።

ብቻህን ስትሄድ ዋጋው ሊወደድብህ ይችላል፤ ጭራሽ አንገባም የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ ማኅበራችሁ ይጠቅማል። በአንድ ውል የቡድን የግል አደጋ መድን ከተጠየቀ ድርጅቱ አደጋው በብዙ ሰው ላይ ስለሚሰራጭለት የሞተር ክልከላውን ለማንሳት ይቀለዋል፤ በሰው የሚደርሰው አረቦንም ይቀንሳል። ሲዋዋሉ የአባላቱ ስም ዝርዝር ከውሉ ጋር መያያዙን፣ አዲስ አባል ሲገባ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚሸፈን፣ የለቀቀውም እንዴት እንደሚወጣ ይጻፍ። ዝርዝሩ ሳይታደስ ቀርቶ ስሙ የሌለ ሰው ሲጎዳ የሚመጣው ጭቅጭቅ ማኅበር ያፈርሳል። በብሮከር በኩል መሄድም ይቻላል፤ ኤጀንት የድርጅቱ ወኪል ሲሆን ብሮከር ደግሞ በደንበኛው በኩል ቆሞ ከብዙ ድርጅት ዋጋ የሚያሰባስብ ነው። ሁለቱም ከብሔራዊ ባንክ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፤ አሳየኝ ማለት ነውር የለውም። ገንዘቡን ግን ወደ ኢንሹራንስ ድርጅቱ ሂሳብ አስገባ እንጂ በግለሰብ ስልክ ቁጥር አትላክ።

ቅጥረኛ ለሆኑ ሞተረኞች፣ ማለትም ሞተሩ የድርጅት ሆኖ በደሞዝ ለሚሠሩ፣ መነሻው ሌላ ነው። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው፤ ሕክምናውንም ይችላል። በጊዜያዊ ጉዳት ለመጀመሪያ 3 ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ለቀጣይ 3 ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ለአለቃ ነው፦ «የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን ገብታችሁልናል?» የተፈራረሙት ወረቀት «ገለልተኛ ሥራ ተቋራጭ» የሚላቸው ከሆነ ግን ይህ ጥበቃ ያከራክራልና እንደ አንተ የራሳቸውን ቢገዙ ይሻላል።

ማመልከቻ ቅጹን ስትሞላ ሥራህን «የግል ሥራ» ብለህ አትለፍ። «በሞተር ሳይክል ዕቃ ማድረስ» ብለህ ጻፍ። የሦስተኛ ወገኑም የሙሉ ሽፋኑም ቅጽ ላይ አገልግሎቱ ለግል ወይስ ለንግድ የሚለው ጥያቄ እንዲሁ በእውነት ይመለስ፤ ለግል ተብሎ የተመዘገበ ሞተር ከኋላው የምግብ ሳጥን ተጭኖ ሲወድቅ የአደጋው ፎቶ ብቻ ይበቃል። በንግድ ሕጉ ቁጥር 668 መሠረት አውቆ የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ ሰው ውሉ ፈራሽ ይሆንበታል፤ አረቦን ዓመቱን ሙሉ ከፍሎም ቢሆን። የቆየ ስብራት፣ የጀርባ ሕመም፣ ስኳር ካለብህም ጻፈው። መንጃ ፈቃድህ የሞተር ሳይክል ምድብ መሆኑንና ያልተቃጠለ መሆኑን እይ፤ የመኪና መንጃ ፈቃድ ይዞ ሞተር ላይ የተጎዳ ሰው ካሳ ላያገኝ ይችላል። ከኋላህ ሰው የምትጭን ከሆነ ለተሳፋሪ ያለብህን ኃላፊነት የሚሸፍን አንቀጽ ለብቻው ጠይቅ። ተጠቃሚ በሚለው ቦታ ላይ የሰው ስም ከነአባት ስሙ ሙላ፤ ባዶ ከተተወ ቤተሰብህ የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ፍርድ ቤት መመላለስ ይኖርበታል።

አደጋው ከደረሰ፦ አምቡላንስ 907 ወይም 939፣ ፖሊስ 991። መንቀሳቀስ ከቻልክ ሞተሩን ከወደቀበት ሳታነሣ ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ አንሣ፤ የመኪናውን ታርጋ፣ የፍሬን ምልክት፣ የመብራቱን ሁኔታ ጨምር። የትራፊክ ፖሊስ የአደጋውን ፕላን፣ ማለትም የቦታውን ንድፍ፣ ሳያነሣ «እንስማማ» በሚል አትለያይ። ከላይ ያልኩህ የእኩል ጥፋት ግምት የሚሰበረው በዚያ ፕላን ነው፤ ያለ ፕላን ግማሹ ባንተ ላይ ይቀራል። ሆስፒታል ስትደርስ በካርድህ ላይ «ወድቆ» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ፤ «በሞተር ሳይክል የትራፊክ አደጋ»፣ ቀኑና ሰዓቱ ይግባ። በካርዱና በፖሊስ ሪፖርቱ መካከል የቀን ልዩነት ካለ ፋይልህ ለማጣራት ተብሎ ወራት ይቀመጣል። ለኢንሹራንሱ ወዲያው ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ የቀኑ ብዛት ውሉ ላይ አለ። አንተ ከተኛህ ወንድምህ ወይም የማኅበሩ ጸሐፊ በስልክና በጽሑፍ ያሳውቅ፤ የጽሑፉን ቅጂ በገቢ ማኅተም ያስቀር። ክስ የማቅረቢያው ጊዜ በኢንሹራንሱ ላይም ሆነ በገጨህ ሰው ላይ 2 ዓመት ነው፤ ድርድሩ ሲጎተት ይህ እንዳያልፍብህ።

አንድ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ከገጨኝ መኪና ኢንሹራንስ ካሳ ከተቀበልኩ የራሴ የግል አደጋ መድን አይከፍለኝም ብሎ ይተወዋል። ለሞት፣ ለቋሚ ጉዳትና ለሳምንቱ የሚከፈለው አስቀድሞ የተቆረጠ መጠን ስለሆነ ከሌላ ካሳ ጋር አብሮ ይወሰዳል። ሁለቴ የማይከፈለው የሕክምና ደረሰኝ ነው።

ስታድስ ደግሞ ይህን አድርግ። ውሉ በዓመቱ የሚያበቃው በራሱ ነው፤ የአዲሱ ዓመት ውል ሲታተም መነሻው ያው የተዘጋጀ ቅጽ ስለሆነ አምና ያስነሣኸው የሞተር ክልከላ ሊመለስ ይችላል። ካለፈው ኢንዶርስመንት ቅጂ ጋር ሂድና ቁጥሩ በአዲሱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መጠቀሱን ካየህ በኋላ ክፈል።